የጋሽ ሰይድ የጆሮ ሕክምና

ጆሮው ያመመው ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም እንደሚሆንበት አይታችኋል? እኔ ኮምቦልቻ ዋና ዋኝቼ ደሴ ስመለስ ቀኝ ጆሮዬን ያሳክከኝ ጀመር። ሆጤ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ ሰይድ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው መጡ።

«ሐኪም ቤት ልሂድ» ብላቸው፣ «ወላሂ፣ ሐኪም ምን ያውቃል!» ብለው ጆሮዬን ጎረጎሩት፤ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይትም ጨመሩበት። እኔስ? ሽማግሌ እንዳላስቀይም ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን ከጆሮዬ መግል ወረደና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ፣ «ውጩን በፎጣ አድርቀህ፣ ምንም ሳትከትበት ብትመጣ ጠብታ ይበቃህ ነበር፤ አሁን የጆሮህ ታምቡር ተቀዷል» አለችኝ።

ጋሽ ሰይድ ሊጠይቁኝ መጥተው በቀኜ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ዞርኩና «ምን አሉኝ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ በል! እኔ ባልደርስልህ ግራውም ይሄድ ነበር።»

አመሰገንኳቸው።