ማዶ ሰፈር አልቀበልም ያለው ድልድይ

ሰኔ ሲገባ የቢሮ ሰው አረማመዱ እንደሚለወጥ አስተውላችኋል? ግንቦት ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ሲዘግም የነበረው ሰው ሰኔ ላይ ፋይል በብብቱ ሸጉጦ ይሮጣል። ስልክ የሚያነሣው እየሮጠ ነው። ሰላምታ እንኳ ያሳጥራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰላምታ ማሳጠር ቀላል ጥፋት አይደለም። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሰብሉ፣ ጎረቤቱ ተራ በተራ ካልተጠየቀ፣ ሰውየውን ምን አስቀይመነው ይሆን ብለን እናድራለን።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ሰኔ ላይ የሚሮጥ ሰው ስታዩ አትቀየሙት።

አንድ ሰኔ እኔም ሮጫለሁ። ቢሮ ግን የለኝም። መርሳ ከተማ ውስጥ ማዶ ሰፈር በምንለው በኩል የምኖር፣ የቅሬያችን ጸሐፊ ነኝ። ቅሬ ሲሞት የሚቀብረን፣ ሲዳር ድንኳን የሚተክልልን ማኅበር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው ያለው። የእኔ ሥራ ስም መጥራትና ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ብዙ መናገር አልወድም። የመረጡኝም ለዚሁ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለከተማ ልማት ከፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ድጋፍ መጣ፤ ለላይ ሰፈር የገበያ ሼድ ተመደበ። ላይ ሰፈር ማለት አስፋልቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ገበያው ያለበት ነው። ግራና ከምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚመጣውን ማንጎና ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች እዚያ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት። ለእነሱ ጣሪያ ይሠራላቸው ተባለ። ማን ይቃወማል? መሠረቱ ሲቆፈር ግን ውኃ ወጣ። ትንሽ ፈቀቅ ተብሎ ቢቆፈርም ውኃ። ጥሩ ውኃ ነው አሉ፣ የቀመሱት። መሐንዲሶቹ ግን እዚህ ላይ ምሰሶ አይቆምም ብለው መሣሪያቸውን ጫኑ። ገበያው አጠገብ ሌላ ባዶ ቦታ የለም። ወሩ ደግሞ ግንቦት፣ ያውም መጨረሻው።

እንግዲህ ገንዘቡ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል። በዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተቀመጠው የእኛ ነበር፤ ከማዶ ሰፈር ወደ ላይ ሰፈር የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ።

ወንዙን ላስተዋውቃችሁ። በጋ ላይ ወንዝ ብላችሁ ብትጠሩት እሱ ራሱ ያፍራል። ዶሮ እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ክረምት ላይ ግን ከተራራው ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ድምፁ ቤቴ ድረስ ይሰማል።

እኔን ያሳደገኝ ይህ ወንዝ ነው። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ ዝርዝሩ ይቅር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳሩ ላይ ቆሜ ሰው አሻግር ነበር። ሴቶቹን ዱላ አስይዤ ከፊት ከፊት እመራለሁ፤ ወንዶቹን አዝላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ጋቢ ለብሰው ጥላ ሥር የምታዩአቸውን የከተማችንን ሽማግሌዎች ክብደት አውቃለሁ። ያወቅሁትም በወገቤ ነው። ሰው ሲፈራ እንደሚከብድ ያኔ ተማርሁ። አንድ ቀጭን ነጋዴ ነበር፤ ውኃው መሐል ስንደርስ በሬ ያህላል።

ሼህ ሙሄ ግን አይፈሩም። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ጀርባዬ ላይ ሆነው ከዳር እስከ ዳር በጆሮዬ ይመርቁኛል። ዕድሜህ ይርዘም፣ ወገብህ ይጽና፣ አላህ ከፍ ያድርግህ። ማዶ ስንደርስ ይወርዱና ሽርጣቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። በእሳቸው ሒሳብ ተከፍያለሁ። እኔ ደግሞ ምርቃት በልቼ ማደር አልችልም። ቢሆንም አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። ወገቤ እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው፤ ምን ይታወቃል።

እናቴን ያዘልኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው። ወንዙ አላሳለፈንም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ድልድዩን ለምን እንደፈለግሁት ግን ይገባችኋል።

ጉዳዩን ይዛ ከወልድያ የመጣችው ባለሙያ ትዕግሥት ትባላለች። ወጣት ናት። ጠዋት በሚኒባስ መርሳ ትደርሳለች፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ደንቡን አስረዳችን። ሁለት ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። የሚለቀው ሰፈር ለቅቄያለሁ ብሎ ይፈርማል፤ የሚቀበለው ሰፈር ጠይቄያለሁ ብሎ ይፈርማል። ሁለቱ ከተሟሉ የሥራው ውል ይፈረማል። ውል ከተፈረመ ገንዘቡ አይመለስም።

«ጋሼ፣ እኔ የፈራሁት የሚለቀውን ሰፈር ነው» አለችኝ በጆሮዬ። ስለ ግጭት አፈታት ሥልጠና ወስዳ ነበር የመጣችው። ምስኪን።

የላይ ሰፈር ቅሬ ዳኛ ሼህ ሙሄ ናቸው። አርጅተዋል፤ ምርቃታቸው ግን አላረጀም። ስብሰባውን በምርቃት ከፈቱ፣ ጉዳዩን ሰሙ፣ ከዚያ ወደ ትዕግሥት ዞሩ።

«ልጄ፣ አብሽሪ። እኛ ጣሪያ አጣን እንጂ መንገድ አላጣንም። ማዶዎች ክረምት ሲመጣ በር እንደተዘጋበት ሰው ናቸው። ውሰጂላቸው።»

አሚኑም አሜኑም አንድ ላይ ተሰማ። ትዕግሥት የሚቃወም ካለ ብላ ጠየቀች። አንድ ሰው ብድግ አለ። እስክሪብቶዋን አነሣች። ሰውየው፣ ቀድሞውኑስ ለምን ለእነሱ አልተሰጠም፣ ይኼ በደል ነው ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም ፈረሙ። እሷ ያን ቀን ወደ ወልድያ የተመለሰችው እየዘፈነች ነው ቢሉኝ አምናለሁ።

በሳምንቱ እኛ ዘንድ ስብሰባ ሆነ። የእኛ ዳኛ አያ ካሳው ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ መንገድ ይዘጋል። ትዕግሥት ተናግራ ስትጨርስ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ተነሣ።

«እነዚያ ሴቶች በፀሐይ እየተጠበሱ፣ የእነሱን ጥላ ወስደን እኛ ድልድይ ላይ ልንንጎራደድ? ነውር አይደለም?»

ነውር ነው አለ ሰው ሁሉ።

«ነገ በየትኛው ዐይናችን አይተናቸው ነው ማንጎ የምንገዛ?»

«ኧረ አባቴ» አለች ትዕግሥት፣ «ሼዱ እኮ አይሠራም። ውኃ ወጥቷል። እናንተ ካልወሰዳችሁት ገንዘቡ ይመለሳል።»

«ይመለስ። የሰው ሐቅ ከምንበላ ይመለስ።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ከዚያ በገዛ እጄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ማዶ ሰፈር ድልድዩን በሙሉ ድምፅ አልተቀበለም ብዬ ጻፍሁ። ለምን ዝም አልህ ትሉኛላችሁ። ጨዋ ሰው እየተባልሁ ነው የኖርሁት። ደሀ ሆኖ ላደገ ሰው ጨዋ መባል እንደ ሱስ ነው፤ አንዴ ከለመዳችሁት አይለቅም።

ወሬው ላይ ሰፈር ደረሰ። ሼህ ሙሄ አዘኑ። ስጦታችንን መለሱብን አሉና ሽማግሌ ላኩብን፤ እባካችሁ ተቀበሉን ለማለት። ሽማግሌዎቹን ምሳ አበላናቸው፣ ባሉት ሁሉ ተስማማን፣ ድልድዩን ግን አልተቀበልንም። እነሱ ከፍቷቸው ሲሄዱ እኛ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሽማግሌ ላክን። እነሱም ምሳ አበሉ። እንዲህ እየተመላለስን ሰኔ ሃያ አምስት ሆነ።

ትዕግሥትን ላይ ሰፈር መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰፈር በጀቱ የእኔ ነው ብሎ ሲጣላ ምን እንደሚደረግ ተምሬያለሁ። ውሰዱ፣ አንወስድም ብሎ ሲጣላስ ምን ይደረጋል? መጽሐፉ ላይ የለም።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አልኋት።

«እሱ ነው እኮ ችግሩ! ትንሽ ክፉ ሰው እንኳ እንዴት ይጠፋል?»

ያን ጊዜ ነው የሮጥሁት። አያ ካሳውን ብቻውን አግኝቼ ልለምነው ወደ ማዶ ሮጥሁ። ወንዙ ጉልበት ደርሷል። መሐሉ ላይ ዘይነባ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የማንጎ ሣጥን በራሷ ተሸክማ፣ ጃንጥላዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ትሻገራለች። ዘይነባ ከቤቴ ሦስተኛው ቤት ነው የምትኖረው። የምትሸጠው ላይ ሰፈር ገበያ ነው። ሁለቱንም ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። አንድ ላይ አስቤያቸው ግን አላውቅም ነበር።

እነዚያ የላይ ሰፈር ሴቶች እያልን የምናዝንላቸው ሻጮች ግማሾቹ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው! ታዲያ ለምን ስብሰባ ላይ አልነበሩም? ሰው የሚገኘው በገበያ ቀን ነው ብለን ሁለቱንም ስብሰባ በገበያ ሰዓት ስለጠራነው ነዋ። በገበያ ሰዓት ስብሰባ የሚመጣ የማይሸጥ ሰው ነው።

ሮጬ አጠገቧ ገባሁና ነገሩን ነገርኋት። ውኃው ውስጥ እንደቆመች ሰማችኝ።

«ለእኔ አዝናችሁ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ለእኔ አዝናችሁ፣ እኔኑ እዚህ ውኃ ውስጥ አቆማችሁኝ?»

ሣጥኑን ተቀበልኋትና አብሬያት ወደ ላይ ሰፈር ተመለስሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቅሬዎች ላይ ሰፈር በአንድ ድንኳን ተቀመጡ። ትዕግሥት ጠርታቸው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እንሰነባበት ብላ፤ እንዲህ ከተባለ ወሎዬ አይቀርም። ሼህ ሙሄ መመረቅ ሲጀምሩ ዘይነባ ማንጎዋን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብላ፣ ቀሚሷ ሳይደርቅ ገባች። አሚን እስኪባል ጠበቀች። ከዚያ ጃንጥላዋን ከፍ አደረገችው።

«ሼህዬ፣ አያ ካሳው፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ጨዋዎች ናችሁ። ለፀሐዩ ይኸው ይኼ አለኝ። ይኼ ግን ወንዝ አያሻግርም። ሞክሬዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ባለፈው ክረምት ሁለት ቀን ልጆቼ ማዶ፣ እኔ እዚህ ቀረሁ። ልጄ ትኩሳት ይዞት ነበር። ከዚህ ቆሜ ለጎረቤት እየጮኽሁ ነው ያሳከምሁት። እናንተ ስትመራረቁ ማን እኔን ጠየቀ?»

አያ ካሳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘይነባ፣ እኛ እኮ ነውር እንዳይሆንብን ብለን…»

«ነውሩን እኔ ልውሰደው። ለነውሩም ፊርማ ካለው አምጡት፣ እፈርማለሁ።»

ያን ጊዜ እጄ ወጣ። ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ጸሐፊ ነኝ፤ የምጽፈው ሰው ያለውን ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እኔም ድልድዩን እፈልጋለሁ» አልሁ። ሦስት ቃል ነው። እንደዚያ ቀጭን ነጋዴ ግን ከበደኝ።

አያ ካሳው ትክ ብሎ አየኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔስ አልፈልግም ብዬህ ነው?» አለ።

እንዲህ ነው። ለካ ያ ሁሉ ሰው ይፈልገው ኖሯል፤ አንዱ አንዱን እያየ ነበር እጁን ያወጣው። ሼህ ሙሄ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። ማዶ ሰፈር ፈረመ። ትዕግሥት ወረቀቱን ነጥቃ ወደ ሚኒባሱ ስትሮጥ ማንንም አልተሰናበተችም። ማንም አልተቀየማትም።

ውሉ በቀኑ ተፈረመ። አንድ ክረምት እንደ ወትሮው አለፈ፤ ግንባታው መስከረም ላይ ተጀምሮ ሚያዝያ ላይ አለቀ። ሲመረቅ ላይ ሰፈር በአንዱ ጫፍ፣ ማዶ ሰፈር በሌላው ጫፍ ተሰለፈ። ሼህ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ማዶዎች ቅደሙ አሉ። አያ ካሳው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ኧረ አይሆንም፣ እናንተ ቅደሙ አለ። በእናንተ ሞት። በእናትዎ። ወሏሂ አንቀድምም። ሥሩ ደረቅ ነው፤ ልጆች ከታች እየተመላለሱ ይጫወታሉ። ላዩ ላይ አንድ ሰው የለም።

ዘይነባ በማዶው ጫፍ ብርቱካን ተሸክማ መጣች። ቆመች። አየችን። ከዚያ «ገለል በሉ» አለችና አያ ካሳውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ተሻገረች።

በላይ ሰፈር ጫፍ ትዕግሥት የመጨረሻውን ቅጽ ይዛ ቆማለች። ተጠቃሚ ሰፈር የሚል ክፍት ቦታ አለው። ላይ ሰፈርን ብትጠይቅ የማዶ ነው ይላሉ፤ ማዶን ብትጠይቅ የላይ ነው ይላሉ። በመጨረሻ የምታልፈዋን ዘይነባን አስቆመቻት።

«እታለም፣ ተጠቃሚው ማን ነው ብዬ ልጻፍ?»

ዘይነባ ዞር እንኳ አላለችም።

«የቸኮለ ሰው ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈችው። ወልድያም ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበለው።