ይርጋን «ሠራተኛዬ ነው» ያልኩበት አርብ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ካልነገርኳችሁ ደግሞ ደረቴ ሊፈነዳ ነው።

ስለዚህ ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡ!

እናንተ እኔን የምታውቁኝ በመረብ ነው አይደል? ጣና ላይ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ ነጭ ዓሣ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ «ዓሣ አጥማጁ ነኝ፣ ሼር አድርጉ!» ስል።

ቤተሰቦቼስ በምን ያውቁኛል?

በኤክስፐርትነት!

አዎ። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አጠገብ ባለው የአባቴ ቤት፣ እኔ ሐይቅ ላይ የተመደብኩ የዓሣ ኤክስፐርት ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ተመርቄ ሥራ ሳጣ ባሕር ዳር ወረድኩ። እዚያም ሳጣ ጀልባ ላይ ወጣሁ። አባቴ ደውለው «ምን አገኘህ ልጄ?» ሲሉኝ «ዓሣ አጥማጅ ሆንኩ» ማለት አቃተኝ። እኛ አገር ዓሣ ሲባል ገና ፊቱን የሚያጨማድድ ብዙ ነው።

«ከዓሣ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው» አልኩ። «ኤክስፐርት ነገር።»

አባቴ «ነገር» የምትለዋን ትተው ኤክስፐርቱን ብቻ ይዘው ሰንበቴ ላይ አወጁ። አለቀ!

እኔም አላስተካከልኩም። እንዲያውም በየዓመቱ ማዕረጌን ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። (አትፍረዱብኝ። እሺ፣ ፍረዱብኝ።)

አሁን ስለ ይርጋ። ታውቁታላችሁ፤ ቪዲዮዎቼ ላይ ከኋላ የሚቀዝፈው፣ የማይስቀው ሰውዬ። ጀልባዋ የእሱ ናት። እኔ መጀመሪያ ስገባ ለመረብ ገና ነበርኩ፤ ሥራዬ በተቆረጠ ጀሪካን ከጀልባዋ ውስጥ ውሃ እየቀዱ መድፋት ነበር። ታፈሳለቻ!

ከዚያ ቀስ በቀስ አስተማረኝ። መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ ሲደፈርስ መረብ የት እንደሚጣል። በኅዳር ብርድ ጣት ሲደነዝዝ የተቋጠረ መረብ እንዴት እንደሚፈታ። በሁዳዴ ከተማው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሲል፣ ትንንሾቹን መልሶ ወደ ውሃ መልቀቅን። ይሄኛው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ግንቦትንማ አትረሱትም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ከነኮፍያዬ ሐይቅ ውስጥ የገባሁበት ቪዲዮ! ስልኬ ጀልባዋ ላይ ታስሮ እየቀረጸ ነበር። እናንተ በሳቅ ሞታችሁ፣ እኔ በላይክ ተንበሸበሽኩ።

ግን ዋና አልችልም። የጋይንት ልጅ ዋና የት ይማራል? ይርጋ ነው በቀበቶዬ ይዞ ጎትቶ ያወጣኝ።

ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ክረምት ነው። ዓሣው ለመራባት ሐይቁን ትቶ፣ ከጉና በሚወርዱት ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። እኛም መረባችንን ሰቅለን እንጠብቃለን። ስለዚህ ዓሣውም እኔም ወደ ጉና አቅጣጫ! እሱ እንቁላሉን ሊጥል፣ እኔ ውሸቴን።

ዛሬ አርብ፣ ገበያ ነበር። ከአባቴና ከጎረቤታችን ከአያ ሞላ ጋር ተመልሰን ቤት ቁጭ ብለናል። አያ ሞላ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። እኔም «ከባድ ነው፣ በሥሬ ሰው አለ» አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም!

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ይርጋ!

በዚህ ዝናብ፣ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ በንፋስ መውጫ አድርጎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ሲደውል ኔትወርክ አልሠራ ብሎት ሰው እየጠየቀ ነው የደረሰው። «አንድ ቀን መጥቼ አባትህን እተዋወቃለሁ» ይለኝ ነበር። በእጁ ላስቲክ አንጠልጥሏል።

ሰው የሆነ ሰው ይነሣል፣ ያቅፋል፣ «ወንድሜ መጣ!» ይላል።

እኔ ምን አልኩ?

«አባባ፣ ይሄ... ሠራተኛዬ ነው።»

ሠራተኛዬ!!

ይርጋ አንዴ አየኝ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና «አዎ፣ የእሳቸው ሠራተኛ ነኝ» አለ።

እሳቸው አለኝ! እኔን!

እዚያ ላይ ባቆምስ? አያ ሞላ ላስቲኩን እያዩ «ያመጣኸው ምንድን ነው?» አሉት። የዓሣ ቋንጣ ነው። ለአባቴ ብሎ በእጁ ዘልዝሎ፣ አድርቆ ያመጣው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ዘልዬ ገባሁ።

«ሳምፕል ነው» አልኩ። «ለምርመራ።»

አያ ሞላ ጠጋ ብለው አሸተቱ። «ሳምፕል በበርበሬ ይታሻል እንዴ?»

«አዲሱ አሠራር ነው።»

አዲሱ አሠራር! እግዜር ያሳያችሁ።

ምሳ ሲቀርብ ይርጋ ወደ እኔ ሊመጣ ሲል «ጫማህ ጭቃ ነው፣ እዚያው በሩ ጋ ሁን» አልኩት። ይሄን ስጽፍ ጆሮዬ እየጋለ ነው። ሰውዬው በሩ ጋ ተቀመጠ። እኔ ከአባቴ ጎን።

አባቴ ይሄን ሁሉ ያያሉ።

እህቴ ትርንጎ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ከትልቅ ይጀመራል። አባቴ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ጆጉን ተቀበሏትና ተነሡ። እኔን አልፈው፣ አያ ሞላን አልፈው፣ በሩ ጋ ደረሱና ይርጋ ፊት ጎንበስ አሉ።

አባቴ እኮ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ቤት ለማንም ሲያስታጥቡ አይቼ አላውቅም።

ይርጋ ደንግጦ «ኧረ በማርያም!» ብሎ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ተው፣ ተቀመጥ ልጄ። የእኔን ጌትነት በቀበቶው ይዛ ከባሕር ያወጣች እጅ ይቺ አይደለች?»



ገባችሁ? አባቴ ቪዲዮውን አይተውታል! ትርንጎ ከሰንበቴ ሲመለሱ በስልኳ ስታሳያቸው ኖራለች። መስከረሙን፣ ኅዳሩን፣ ሁዳዴውን፣ ሁሉንም!

በየፖስቴ ሥር ምንም ሳይጽፍ ልብ ብቻ የሚያስቀምጥ ፎቶ የሌለው አካውንት አለ አይደል? «ደጋፊዬ» እያልኩ የምቀልድበት?

አባቴ ነበሩ። ትርንጎ ናት የከፈተችላቸው።

አያ ሞላ «ታዲያ ኤክስፐርቱስ?» አሉ። አባቴ ውሃውን እያፈሰሱ፣ ሳይዞሩ መለሱላቸው።

«እሱ ይሻለኛል ስላለ እኔም ኤክስፐርት አልኩለት። መረብ ሲስብ ሳየው ግን ደስ ይለኝ ነበር። በሥራው አንድ ቀን አላፈርኩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያፈርኩት ዛሬ ነው።»

እንዳትስቁ። እኔ ቀልዴ እዚህ ጋ አለቀብኝ።

ከዚያ ይርጋን ከጎናቸው፣ እኔ ከነበርኩበት ቦታ አስቀመጡት። ሳምፕሉ ጾም ሲፈታ እንዲበላ ተሰቀለ። እኔ በሩ ጋ ተቀመጥኩ፤ ማንም አላዘዘኝም።

አባቴ በጨዋታ መሃል «መስከረም ሲጠባ ጀልባህ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ቦታ ይኖራል?» አሉት።

«ለእርስዎማ ምን ችግር አለ!» አለ ይርጋ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየ። «ለኤክስፐርቱ ግን እንጃ። ጀልባው የሚፈልገው ሠራተኛ ነው።»

አያ ሞላ በሳቅ ፈነዱ። አባቴም ሳቁ። ይርጋ፣ ያ የማይስቀው ሰውዬ፣ አልሳቀም። እኔም እውነቱን መሆኑን አውቄያለሁ። እሱ ካልወሰደኝ መስከረም ላይ ሐይቅ የለኝም፤ ሐይቁ ደግሞ ቢቀር ይቅር፣ ይርጋ ቢቀርብኝ ግን አልችለውም።

አሁን እነሱ ውስጥ ጨዋታ ይዘዋል። እኔ ደጅ፣ ጣሪያው ሥር፣ ዝናብ እየረጨኝ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ፊቱ ቆሜ ይቅርታ ልለው ሞክሬ ነበር፤ «ሽሮ ይጨመርልህ?» ብዬ ተመለስኩ። በአደባባይ መዋሸት እንዴት እንደቀለለኝ፣ አንዲት ይቅርታ ግን እንዴት እንደከበደችኝ እናንተው ታዘቡ።

ይርጋ፣ ፔጄን እንደምታይ አውቃለሁ። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልበልህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሠራተኛው እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያውም እኔ ነበርኩ። መረቡን አትስጠኝ፣ መቅዘፊያውንም አልጠይቅህም።

ያ የተቆረጠው ጀሪካን ግን አሁንም አለ?