ቅቤ የቀባሁት የእሳት ብረት

ሰዎች፣ ዛሬ ባሌ፣ ሳነቴ ተራራ ላይ የሆነውን ብነግራችሁ «ይቺ ሴትዮ ብርዱ አናቷ ላይ ወጥቶባታል» ትላላችሁ።

እኔ ራሴ እስካሁን አላመንኩም!

ለሠርግ ከጎባ ወደ ደሎ መና ስንሄድ ሚኒባሱ ተራራው አናት ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ጉም፣ ካፊያ፣ ኔትወርክ የለም። አጠገቤ ማን የተቀመጠ ይመስላችኋል?

አስካለ። የባለቤቴ እህት።

ለማታውቋት፦ ቅድመ አያቶቻችን ድሮ ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው ጎባ ሲሰፍሩ፣ የእኔዋ እሳቷ ጠፍቶባት የእነሱን ደጅ ጠናች ይባላል። የሚባለው በእነሱ ቤት ነው! ከተዳርኩ ጀምሮ አስካለ በየበዓሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የእሷ ዘር እኮ በእኛ እሳት ነው የሞቀው» ስትል ኖራለች።

እኔ ደግሞ አልረሳም።

ስለዚህ ልጄ «እማዬ፣ ለመንገድ ኢመርጀንሲ ኪት ያዢ» ስትለኝ እሳቱን በደንብ አሰብኩበት። ክብሪት ይረጥባል። ላይተር በብርድ ይለግማል። የመረጥኩት ቅድመ አያቴ ከሸዋ ይዛው የመጣችውን፣ ሲፋጭ እሳት የሚተፋውን የእሳት ብረትና ባልጩት ነው። ብረቱን እንዳይዝግ ቅቤ ቀባሁት፣ በነጠላ ጠቀለልኩት።

«ሞከርሽው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ቅርስ ይሞከራል እንዴ!

ከኋላችን አንዲት አራስ ከአማቷ ከአዴ ዘይነባ ጋር ተቀምጣለች። እዚያው ተራራው ላይ ያለችው የሪራ መንደር ሰዎች ናቸው። የሕፃኑ ከንፈር መጥቆር ሲጀምር ሾፌሩ ወርዶ ካርቶን ቀዳዶ ከድንጋይ ጥግ ደረደረ። እኔም ኮራ ብዬ ወረድኩ።

ጫርኩ። ብረቱ በቅቤው ሙልጭ አለ። ጠርጌ ጫርኩ። ምንም!

ሾፌሩ ተቀብሎኝ አገላበጠው። «እማማ፣ ይሄ የእሳት ብረት አይደለም። የበቅሎ ልጓም ስባሪ ነው።»

የበቅሎ ልጓም!

አስካለ ላይተሯን ብብቷ ውስጥ እያሞቀች ታየኛለች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ሕፃኑ ማልቀሱን አቆመ፤ ዝምታው አስፈራኝ።

«አስካለ፣ እባክሽ እሳት ስጪን» አልኩ። በሰው ፊት። በገዛ አፌ!

ሳልጨርስ ለኮሰችው። እሳቱ ተያያዘ፣ ሕፃኑም ሞቅ ሲለው ጡት ያዘ። ይሄን ጊዜ አስካለ ወደ እኔ ዞረች። «እንደ ቅድመ አያትሽ!»

አዴ ዘይነባ እጃቸውን እያሞቁ የምን ቅድመ አያት እንደሆነ ጠየቁ። አስካለ ሳትታክት ተረከችላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዉ እንጂ ኢጆሌ፣ ተዉ ልጆቼ። ያኔ ቤታችን እዚያው ጎባ ነበር። ጦሩ በዝናብ መጣ ይሉ ነበር አያቴ። ከጦሩ ጋር የመጣው ሴት ሁሉ እሳት የጫረው ከእኛ ነው። እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም ሲሉ በራችንን ገንጥለውታል።»

አስካለ ላይተሯን ቀስ ብላ ብብቷ ውስጥ መለሰች። እኔም ልጓሜን በነጠላው ጠቀለልኩ። አንድ ላይ ስንሸነፍ ከተዋወቅን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ትምህርቱማ ግልጽ ነው፦ እሳት መለኮሻችሁን ቤት ሆናችሁ ሞክሩት፣ ቅቤ አትቀቡት።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ አሁን ከአስካለ ጋር በምን እንጣላ? በዚህ ዕድሜ አዲስ ጠብ ከየት ይመጣል?