ጓጉንቸር የታሰረባት አውሮፕላን

የዛሬውን ውርደቴን ብነግራችሁ አታምኑኝም። «እማማ ስንዱ ፈጠራ ጀመረች» ትላላችሁ።

አልጀመርኩም። አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ቡሬ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጎረቤቴን ጣራ ሽቅብ እያየሁ ነው። ጣራው ላይ የልጅ ልጆቼ አዲሱ የሪሞት አውሮፕላን በአፍንጫው ተደፍቷል።

ማን ደፋው? እኔ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ አውሮፕላኑን ከካርቶን አውጥቶ ሲገጣጥም አየሁትና «እስቲ ልሞክረው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን ምን እንደነካው አላውቅም።

«ይተዉት እማማ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል» አለኝ። እንግዳ በተሰበሰበበት!

ለእኔ?! እኔ እኮ በደርግ ጊዜ በሪሞት አውሮፕላን ያበረርኩ ሴት ነኝ! አትሳቁ። ላይክ አድርጋችሁ ከማለፋችሁ በፊት ስሙኝ።

ያኔ እኔ ፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ወጣት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ደግሞ እዚሁ ቡሬ ሬዲዮ ይጠግናል። አንድ የውጭ አገር ቴክኒሺያን ሬዲዮውን ሊያሠራ ሲመላለስ ወዳጅ ሆኑ። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ያልተገጣጠመች አውሮፕላን ከነትንሽ ሞተሯ፣ ከነመቆጣጠሪያ ሳጥኗ ትቶለት ሄደ።

ይበልጣል ካርቶኑን ፍኖተ ሰላም አምጥቶ ቆጥ ላይ ሰቀለው። «ጊዜ ሳገኝ እገጥማታለሁ» ይል ነበር።

ጊዜ አላገኘም። ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ረቡዕ ጠዋት መኪና ይወስዳችኋል ተባለ።

እናታችን አንድ ጥግ ይዛ ስታለቅስ እሱ ካርቶኑን ከቆጥ አወረደ። «ስንዱ፣ አንዴ ከመሬት ተነስታ ልያት። ከዚያ የፈለጉበት ይውሰዱኝ» አለኝ።

በዚያ ዘመን ስለ ግንባር አፍ አውጥቶ የሚያወራ አልነበረም። ከሰፈራችን ሄደው ድምፃቸው የጠፋውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፈራሁ። ወንድሜ የለመነኝን አንድ ነገር ሳላደርግለት እንዳይሄድብኝ ፈራሁ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ትበራለች! አለቀ!

መመሪያው በጀርመንኛ ነው። እኛ ሥዕሉን ብቻ እያየን ገጠምናት። ስስ እንጨት፣ በላዩ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ቀለም። ክንፏን የሚይዘው ላስቲክ ደርቆ ሲበጣጠስብን የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪ ቆርጠን በዚያ አሰርናት። እንደውም አማረባት።

ቀጥሎ ሚዛን። ሥዕሉ ላይ ሰውየው ከክንፏ ሥር በሁለት ጣቱ ሲያነሳት ቀጥ ትላለች። የእኛዋ ግን ጭራዋን ጥላ ተቀመጠች። አፍንጫዋ ላይ ክብደት ያስፈልጋል። ምን እንሰርባት? ዞር ዞር ብዬ ሳይ የቤታችንን ጓጉንቸር አየሁት።

አዎ፣ ጓጉንቸር! በካላማዳሪ አፍንጫዋ ሥር ጠፍረን አሰርነው። ቀጥ አለች። ቤታችን ግን ያን ቀን ሳይቆለፍ ዋለ፤ እናቴ ይሄን እስክትሞት አልተወችልኝም።

ደግሞ ፈቃድ አለ። አንቴና ያለው ሳጥን ይዞ ሜዳ መውጣት ያኔ ቀልድ አይደለም! ይበልጣል ቀበሌ ሄዶ አሳያቸው። ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ገልብጠው ገልብጠው አዩና «ይፈቀዳል። ነገር ግን ከቀበሌው ክልል እንዳትወጣ» አሉ።

ለእሷ ማን ይንገራት?

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ወጣን። የሞተሩ ነዳጅ ልዩ ነው፤ እዚህ አይገኝም። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ለሁለት በረራ ቢሆን ነው።

ጥንቃቄ አላደረጋችሁም እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ሳጥኑን፣ ቀጥሎ አውሮፕላኗን አበራን። ሳጥኑን ይዤ ሜዳው ጫፍ ድረስ ሄድኩና የሳጥኑን መንጃ ዘንግ ስነካ ጭራዋ ወዲያ ወዲህ አለች። ሁሉም ይሠራል።

ሥዕሉ «ፕሮፔለሩን በእንጨት ምታ» ይላል። ይበልጣል በጣቱ መታው። ሞተሩ ተነሳ፤ የይበልጣል አውራ ጣት ተተለተለ!

«አንቺ ንጃት!» አለኝ ጣቱን በመሐረብ እየጠቀለለ። «እኔ እወረውራታለሁ፣ አንቺ ንጃት። ወደ አንቺ ስትመጣ ግራና ቀኙ እንደሚገለበጥ እንዳትረሺ!»

«ገብቶኛል!» አልኩ። ምንም አልገባኝም።

ወረወራት። ተነሳች! ጓጉንቸሯን ይዛ፣ እንደ ንብ እየጮኸች፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣች። እኔ ጮኽኩ፣ ይበልጣል ጮኸ። ከዚያ ነፋስ መታትና ዞራ ወደ እኔ መጣች።

ግራ ስል ቀኝ። ቀኝ ስል ግራ። አንዱን ስጫን ሌላው! ዓይኔን ሰማይ ላይ ተክዬ፣ ሳጥኑን ታቅፌ ከሥሯ ከሥሯ ሮጥኩ።

ድንገት እግሬ ሥር መሬቱ ለሰለሰ።

ቀና ብዬ ስሮጥ ቆይቼ ጎንበስ ብል አንድ ትልቅ በሬ ፊት ለፊት ያየኛል። ከበሬው ኋላ ሌሎች በሬዎች። ከነሱ ኋላ መንሽ የያዙ ወንዶች፣ አፋቸውን ከፍተው። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። የጤፍ አውድማ መሐል! ሴት ሆኜ፣ በኮንጎ ጫማ!

የአገሬ ሰዎች ገና ከአሁኑ ጭንቅላታችሁን ይዛችኋል። ለሌላው ልንገር፦ እህሉ ተሰፍሮ እስኪያልቅ አውድማ ሴት አትረግጠውም፣ ጫማም አይገባበትም። ይሄን እኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ! ሰማይ ሰማይ ሳይ ነው እንጂ።

አውሮፕላኗ ከጎኔ ጧ ብላ ወደቀች። አንድ ክንፏ ከወገቡ ተሰበረ።

የአውድማው ባለቤት አያ ገበየሁ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እቴ፣ ኸሰማይ ነው የወረድሽው?» አሉኝ ረጋ ብለው።

«አያ ገበየሁ፣ በእግዜር ይቅር ይበሉኝ፣ ሳላይ ነው!»

«እሱንማ እኛም አይተናል። በይ ጫማሽን አውልቂና ውጪ። ያቺ ወፍሽ ግን እዚያው ትቀመጣለች። እህሉ ሳይሰፈር ኸአውድማ ስንጥር አይወጣም፤ በረከቱ ተከትሎ ይወጣል።»

ይበልጣል እየሮጠ ደረሰ። ጫማውን ዳር ላይ አውልቆ እጅ ነሳ። «አያ ገበየሁ፣ ነገ ጠዋት ወደ ጦር ሰፈር ይወስዱናል። ሳልሄድ ላበርራት ነበር» አላቸው።

አያ ገበየሁ ወደ መሐረቡ አዩ፣ ወደ ፊቱ አዩ። «የኔም ልጅ ሄዷል» አሉ። «ሥርዓቱን አላፈርስልህም፣ ልጄ። ሰው ኸበዛ ግን ቶሎ ያልቃል። መንሽ ያዝ።»

እንዲህ ነው ወንድሜ ከመዝመቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቀን የሰው ጤፍ ሲወቃ የዋለው። በእኔ ምክንያት!

እኔ ከአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መግባት አልችልም፣ ማገዝ አልችልም፣ ማልቀስ ግን እችል ነበር። አላለቀስኩም። ሳጥኑን አነሳሁና በሬ መንዳት ጀመርኩ።

በትክክል አንብባችኋል። በሬዎቹ እየዞሩ እህሉን በእግራቸው ያኼዳሉ አይደል? አንድ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣሉ፣ አንድ ጊዜ ከእኔ ይርቃሉ። ዳር ያለውን ቀዩን በሬ አውሮፕላን አደረግሁት። ሳጥኑን አጥፍቼዋለሁ፣ ዘንጉ ግን ይንቀሳቀሳል። ሲሄድ ግራ፣ ግራ ነው። ሲመጣ ግራ፣ ቀኝ ነው። ተሳሳትኩ፣ እንደገና። ተሳሳትኩ፣ እንደገና።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉ አያ ገበየሁ።

«በሬውን እየነዳች» አለ ይበልጣል ቀና ሳይል።

«ንጂልኝ እንግዲያ፤ ዛሬ ሰንፎብኛል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልተውኩም። ይበልጣል በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝና «አሁንም ኸተምታታብሽ ጀርባሽን ስጪያት። ዞረሽ በትከሻሽ ላይ እያት። ያኔ ግራሽ ግራዋ ይሆናል» አለኝ። ዞሬ ሞከርኩት። እውነቱን ነው! ይሄን ጠዋት ብትነግረኝ ምን ነበር አንተ ሰው?

ከሰዓት በኋላ ማኼዱ አለቀ። ተመስገን ስል ነፋሱ ቆመ።

ነፋስ ከሌለ ደግሞ ጤፉ ከገለባው አይለይም! ካልተለየ አይሰፈርም፣ ካልተሰፈረ አውሮፕላኗ አትወጣም። ነፋስ ካለ ደግሞ ወጥታም አትበርም፤ ጠዋት የጣላትም እሱ ነው። አያ ገበየሁ እያፏጩ ነፋስ ይጠራሉ። እኔ «ና፣ ግን ቶሎ ሂድ» ብዬ እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጣ። ወንዶቹ በእንጨት አካፋ፣ በላይዳ እያነሱ ወደ ላይ በተኑት፣ ገለባው ሄደ፣ ጤፉ ወረደ። የይበልጣል ፀጉር ነጭ ሆነ። እኔ ከሸምበቆ ስንጥር አዘጋጅቼ፣ ካላማዳሪ ቆራርጬ እጠብቃለሁ። ተሰፈረ። የመጨረሻው ቁና ጆንያ ገባ።

አያ ገበየሁ አውሮፕላኗን በሁለት እጃቸው ታቅፈው እራሳቸው አወጡልን። «በሉ፣ ቶሎ» አሉ። «ነፋሱ ሊተኛ ነው።»

ክንፏን እንደተሰበረ እግር በስንጥር አሰርናት። ያለው ነዳጅ ተንጠፍጥፎ ገባ። ይበልጣል አሁን ፕሮፔለሩን በእንጨት መታ!

ወረወራት። ተነሳች።

አውድማው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሜዳውን ተሻገረች፣ ዞረች፣ ወደ እኔ መጣች።

«ጀርባሽን ስጪያት!» ጮኸ ይበልጣል።

ሰጠኋት። በትከሻዬ ላይ እያየሁ ግራ አልኩ፣ ግራ ሄደች! ቀኝ አልኩ፣ ቀኝ! ዞረች፣ ደገመች፣ በአያ ገበየሁ ራስ ላይ አለፈች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁላት። ይበልጣልን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የታሰረ ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ገለባ በገለባ ሆኖ፣ ሰማይ እያየ ይስቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነዳጁ አለቀ። ሞተሩ ዝም አለ። እሷ እየተንሳፈፈች ስትወርድ እኔ እያገዝኳት የኋሊት፣ የኋሊት...

አውሮፕላኗ በሰላም አረፈች። እኔ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። ከነሳጥኑ!

በነጋታው መኪናው ላይ ሆኖ፣ በሰው መሐል፣ በተጠቀለለው ጣቱ ግራ ቀኝ እያሳየኝ ሄደ። እስኪርቅ ስቄ፣ ከራቀ በኋላ አለቀስኩ።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ሲወድቅ አንድ ቀን ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በእግሩ መጣ። እናቴ እልል አለች፣ ወደቀች፣ ተነሳች። እሱ ጣሪያው ላይ የተሰቀለችውን አውሮፕላን አየና «ጓጉንቸሯን አልፈታሽላትም እንዴ?» አለኝ።

አልፈታሁም። እንደሰቀልኳት ነበረች።

ወደ ዛሬው ልመልሳችሁ። አማቼን «አምጣ እዚህ!» ብዬ ሪሞቱን ቀማሁት። አስነሳሁት። ሄደ፣ አማረ፣ እንግዳው አጨበጨበ። አማቼን በኩራት ገልመጥ ሳደርገው አውሮፕላኑ ዞሮ ወደ እኔ መጣ።

በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ፀጉሩ አሁን ያለ ገለባም ነጭ የሆነ ሽማግሌ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ስንዱ! ጀርባሽን ስጪው!!»

ሰማሁት። በደንብ ሰማሁት። ዞር ብዬ ግን አውሮፕላኑን ሳይሆን እሱን አየሁት። ሻዩን ደረቱ ላይ ደፍቶ፣ አውራ ጣቱን ወደ ግራ ቀስሮ ቆሟል። ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ከዚያ ጣራው «ጓ!» አለ።

አሁን አማቼ ባዶውን ካርቶን ያጣጥፋል፣ ልጆቹ ኩርፊያ ላይ ናቸው፣ ይበልጣል ሳቁን መግታት አቅቶታል። እኔ ደግሞ እንኳን ጣራ፣ አውድማም አውሮፕላን አስቀርቶብኝ አያውቅም።

ቡሬ ያላችሁ፣ ረጅም መሰላል ያለው ማን ነው?