ዘራቸውን ሳያስቆጥሩ የተጋቡት ቀለማት

እኛ ደብረ ታቦሮች ከሰው ስንተዋወቅ ከስሙ ይልቅ የማን ልጅ እንደሆነ መስማት ይጥመናል። ወጣቶች ሲዋደዱማ ነገሩ ይብሳል፤ ዝምድናቸው እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው ጋብቻው የሚፈቀደው። ቆጣሪው ደግሞ ባለቤቴ ግዛቸው ነበር። ከጉና ተራራ ሥር ሳይቀር በበቅሎ እየመጡ "ጋሼ፣ ይቁጠሩልን" ይሉታል፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አያት ቅድመ አያቱን ይጠራል። ዝምድና ካገኘ አለቀ። ስንቱን ድግስ ከነጥንስሱ አስቀርቷል መሰላችሁ!

ከዚያ እሱ ራሱ ታመመ። ሰውነቱ ከሳ፣ ሆዱ ግን ተነፋ። ሐኪሙ የደም ካንሰር ጠረጠረ። "አንደኛው ዓይነት ከሆነ ኪኒን አለው፤ ካልሆነ ግን…" ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ደሙ ተቀድቶ አዲስ አበባ ሄደ፤ ልጃችን ትዕግሥት ወደምትሠራበት ላቦራቶሪ።

ውጤቱ ሲደርስ ደወለች፤ ሁለታችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግነው።

"አባየ፣ ከደምዎ የተጠረጠሩትን ሕዋሳት ለየንና ሁለት የዲኤንኤ መፈለጊያ ሰደድንባቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ያበራል። እያንዳንዱ በሕዋሱ ዘረ መል ላይ የራሱን ወገን ፈልጎ ነው የሚይዘው። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ሁለቱ ቀለማት ተራርቀው ይታያሉ።"

"የእኔስ?"

"የእርስዎ ተጣብቀዋል።"

እኔ ደረቴን መታሁ። ግዛቸው ግን ትንሽ አሰበና፣ "ዘራቸውን ሳያስቆጥሩ ተጋብተዋላ!" አለ።

ትዕግሥት እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ "እማየ፣ አታልቅሽ! ኪኒን ያለው ዓይነት ይኸው ነው!" አለችኝ።

ልጄን ዘር ቆጣሪ ያልኳት ያን ቀን ነው። አባቷ መንደር ለመንደር የሚያስሰውን እሷ በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ አገኘችው። እሱም ከእኔ ብሶ ኮራ፤ በየጠዋቱ ኪኒኑን ሲውጥ "ፍቺውን ላጽናው" እያለ ዓመታት ኖረ፤ ስንት ጋብቻም ቆጠረ። አምና ልቡ ደክሞ በእንቅልፉ አረፈ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ሳላስበው የኪኒኑን ውኃ እቀዳለታለሁ።

ለቅሶ ልትደርሰኝ የመጣች አንዲት ጎረቤቴ፣ የልጅ ልጇን እንዳዘለች፣ "ያ ሁሉ የልጅሽ ትምህርት ምን ፈየደ? ሞት እንደሁ አልቀረለት" አለችኝ።

"የዚህን ሕፃን እናትና አባት ማን ቆጠራቸው?" አልኳት።

"ጋሼ ግዛቸው ነዋ።"

"ከሕመሙ በፊት ነው በኋላ?"

ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተንፈራገጠ።

"በኋላ" አለችና አንቀልባዋን አጠበቀች።