የእንቁራሪቶቹ አምባሳደር

በየቤቱ አንድ መልስ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። አናውቀውም እንዳትሉኝ። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን እንደ ታመመ ሕፃን በየደቂቃው የሚያየው ሰው ነው። ስትጠሩት ይሰማል፤ ግን ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሁሉ ዐይኑን እያርገበገበ ነው አቤት የሚለው።

የእኛ ቤት መልስ ጠባቂ የእህቴ ልጅ ናት። ክብርት የእንቁራሪቶች አምባሳደር እላታለሁ፤ ሹመቱን የሰጠኋት እኔው ነኝ። ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳትም የእኔ ድርሻ ሆኗል። የትኛው እንቁራሪት የት እንደሚኖር ካርታ ላይ በነጥብ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ዝናቡን፣ ሙቀቱንና ሣሩን አስልቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የት እንደሚገኙ ይነግራታል። ጎረቤታችን አናጢው ይህን ሲሰማ፣ እሱስ ያኔ የት እንደሚገኝ ጠየቃት። አምባሳደሯ ቀልድ አይገባትም። ስለ እሱ ያላት መረጃ ጥቂት እንደሆነና መጀመሪያ ሠላሳ ማለዳ ልትከታተለው እንደሚገባ በትሕትና አስረዳችው።

አንድ አባባል አላት፦ "አለመኖሩም መረጃ ነው።" ረግረጉ ውስጥ ምንም ሳትሰማ ስትመለስ ትለዋለች። ስኳር ሲያልቅም ትለዋለች። ያመለከተችባቸው አሥራ አንድ የምርምር ተቋማት ድምፃቸውን ሲያጠፉም ይህንኑ አለች፤ ያን ዕለት ግን ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምታምነው ሜትርና መቀስ የነካውን ብቻ ነው። ለልጇ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች፤ ቢሮው ደግሞ ከዓርብ በላይ አልጠብቅም ብሏል። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ትላለች፤ ለማን እንደምትተርት ሁላችንም እናውቃለን።

አሥራ ሁለተኛው ማመልከቻ ገና ለጀመሩ ተመራማሪዎች የተከፈተ የአንድ ዓመት ቦታ ነበር። ለእሱ ስትል ሠላሳ ማለዳ ከአልጋዬ አስነስታኛለች። እሷ የወንዙን ዳር ትይዛለች፤ እኔ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ረግረግ ዳር እቆማለሁ። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም፣ የሰሙትን መቁጠር፣ አለማሳል። ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ሸንበቆው አንዴ ታይቶ አንዴ ሲጠፋ፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባኛል፤ አንዳንዴ ከራሴ ውስጥ የሚመጣ ይመስለኛል። ጫማዬ ረጠበ እያልሁ ቀኑን ሙሉ ባማርርም፣ እንደዚያ ያለ ጠዋት ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም።

የቢሮው ቀነ ገደብ ዓርብ በሚሞላበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ በማግስቱ ለቃለ መጠይቅ እንድትቀርብ ጠሯት። ደስታችን ሳይበርድ ከማመልከቻው ጋር የላከችውን ካርታ ከፍታ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር አለው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ። አምባሳደሯ አንዱን በሌላው ቦታ አስገብታዋለች። ካርታው ነጥቦቹን ብቻ በቅርብ ስለሚያሳይ ማንም ልብ አላለውም እንጂ፣ እንቁራሪቶቻችን በሙሉ፣ እኔ የቆምሁበት ረግረግ ጭምር፣ ሌላ አህጉር አጠገብ ባሕር መሃል ይንሳፈፉ ነበር።

እናቷ መፍትሔው ዝም ማለት ነው አለች። እኔም ደገፍኋት፤ ካስተዋሉ ያኔ ይታሰብበታል ብዬ። አምባሳደሯ ግን፣ "እኔ ራሴ የማላምነውን ካርታ እንዴት እመኑልኝ እላለሁ?" አለች። ስህተቷን በአራት መስመር ጽፋ፣ የተስተካከለውን አያይዛ ላከች። እናቷ ሜትሯን አንስታ፣ ለኢንሹራንሱ ቢሮ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካት ተነሳች።

ሐሙስ ስፌት ክፍሉ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሯን የጨርቅ ክምር ላይ አስቀምጣ በቪዲዮ ተጠየቀች። እኔና እናቷ በሩ ጀርባ ቆመን አዳመጥን። ዓርብ ረፋድ ላይ መልሱ መጣ፤ ተቀብለንሻል ይላል። እናቷ ያልተጠናቀቀውን ቀሚስ አቅፋ አለቀሰች። እኔ ግን ስህተቷን ሳትጠየቅ ከተናገረች ልጅ ፊት ቆሜ የራሴ ነገር ከበደኝ።

ወደ ጎን ወስጄ ነገርኋት። ከሠላሳው ማለዳ በሦስቱ ዝናብ ስለነበረ ከብርድ ልብሴ አልወጣሁም፤ ስድስት፣ ስድስት እያልሁ ከአልጋዬ ነበር የቆጠርሁት።

"አውቃለሁ" አለች። "በዝናብ ስድስት ብቻ አይጮኹም፤ ይንጫጫሉ። ሦስቱንም ቀን አውጥቼ ነው የላኩት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"አፍረህ ብትተወውስ፣ ጋሼ? በዚህ ቤት 'ዛሬስ ስንት ሰማሽ?' ብሎ የሚጠይቀኝ አንተ ብቻ ነበርክ።"

ይህችን ልጅ ስንት ጊዜ እንደቀለድሁባት አስቤ አፈርሁ፤ ምን ያህል እንደምወዳትም ያኔ ነው ለራሴ ያመንሁት።

ከሄደች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። እሑድ እሑድ ጠዋት እደውልላታለሁ። ግን ጥያቄዬን ጨርሼው አላውቅም፤ እናቷ መቀሷን ጥላ ትመጣና ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ ዛሬስ ስንት እንደሰማች ትጠይቃታለች።