ካኪ የለበሰችው እንቁራሪት

ስለ ዕድሜው የማይዋሽ ሰው አይቻለሁ። ስለ ደመወዙ የማይዋሽም አንድ አውቃለሁ። «ዘንድሮ ምን አነበብህ?» ተብሎ ያልዋሸ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እናንተም ብትሆኑ... ይቅር፣ አንነካካ!

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት «አንባቢው» እየተባልሁ የምኖር ሰው ነኝ። ዕድገት አላገኘሁም፣ ሹመት አላገኘሁም፤ ያለችኝ ይህቺው ስም ናት። ታዲያ ዘንድሮ ጉድ ፈላ! ሁለተኛ ክፍል የገባችው ልጄ ሶስና «አባዬ፣ አብረን እናንብብ» አለችኝና ዓመቱን ሙሉ የልጆች መጽሐፍ ሳነብ ከረምሁ። መጀመሪያ ለእሷ ብዬ ነበር። ኋላ ግን እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቻዬን ማንበብ ጀመርሁ። መተኛት እንቢ ያለችው ጥጃ አሳቀችኝ። ጅራቱ ገበያ መሐል የጠፋበት ውሻ አስለቀሰኝ፤ የምሬን ነው፣ አልቅሻለሁ። ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት ግን ዝናብ ፈርታ ጃንጥላ የተዋሰችውን እንቁራሪት ነው።

«አንባቢው» እንቁራሪት ይዞ ቢታይስ? እንደ ተማሪ ደብተር ሁሉንም በካኪ ወረቀት ለበድኋቸው። ደጄ ላይ ግንባሬን ቋጥሬ ሳነብ ላየኝ ሰው የያዝሁት ፍልስፍና ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የኔታ ጥበቡ አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምን እንደማነብ ቢጠይቁኝ «ረቂቅ ነገር ነው፣ የኔታ» አልኋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

«ረቂቅማ ከሆነ አውሰኝ» አሉ። በእኛ አገር የቅኔ መምህር ረቂቅ ነገር ጠይቀው እንቢ አይባሉም። እንቁራሪቷ ከነካኪዋ ጋቢያቸው ሥር ገብታ ሄደች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። በጳጉሜን መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛው ሁሉ በዓመቱ የወደዳቸውን መጻሕፍት የሚናገርበት ዝግጅት አሰናዳ። ለምርቃት የተጠሩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የኔታ!

ተራዬ ሲደርስ ወረቀት ላይ የጻፍኋቸውን ወፋፍራም መጻሕፍት ዘረዘርሁ። የአንዳቸውንም መቅድም አላለፍሁም። ጭብጨባው ሳያልቅ የኔታ መጽሐፌን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ተነሡ።

«ለእኔ ያዋሰኝን ዘለላት» አሉ። «ውኃ ውስጥ እየኖረች ዝናብ የፈራች እንቁራሪት... ሰሙ ይኸው ነው። ወርቁን ሦስት ቀን ፈለግሁት።»

አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ኃላፊያችን ወርቁ ምን ሆኖ እንደተገኘ በአክብሮት ጠየቋቸው።

«ፊደሉ» አሉ የኔታ። «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ሰው ካላነበበልኝ መጽሐፍ አላይም ነበር። የዚች ፊደሏ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ብቻዬን ጀምሬ ብቻዬን ጨረስኋት። ለካ የልጆች ኖራለች!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ አፈርሁ፣ ዕንባዬም መጣ። እሳቸው በአደባባይ የልጆች መጽሐፍ አነበብሁ ሲሉ ቅንጣት አላፈሩም፤ እኔ ግን ልባድ ስለብድ ልቤን ረስቻለሁ። መጽሐፏን ሲመልሱልኝ ሌላ እንድጨምርላቸው ለመኑኝ፤ ካኪውን ግን እንድገፍላቸው፣ የፊቱን ሥዕል እንደከለከላቸው አጥብቀው ነገሩኝ።

ቤት ስገባ ሶስና ተቀበለችኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ «እንቁራሪቷ ጃንጥላውን ለምን መለሰች?» ከሚለው ጥያቄ ሥር የኔታ በእርሳስ ሁለት መስመር ቅኔ መልሰዋል። ሶስና አስተማሪ መሆን ትወዳለች፤ ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ ራይት አደረገችና «ጎበዝ፣ በርታ» ብላ ጻፈችበት። እናቷ «ለየኔታ በርታ ይባላል?» ብላ ብትቆጣት፣ ሰርዛ «ይበርቱ» አለችው።

ይህን ጊዜ ገጾቹ መሐል የሸጎጥኋት ያቺ የወፋፍራም መጻሕፍት ዝርዝር ወደቀች። ሶስና እነዚያን መጻሕፍት በደንብ ታውቃቸዋለች፤ ቁም ሣጥኑ አልደረስ ሲላት ደርድራ የምትቆምባቸው እሷ ናት። ዝርዝሩን አንብባ ስትጨርስ ቀዩን እስክሪብቶ እንደገና አነሣችና ከሥሩ ጻፈች፦

«ነገ ወላጅ ይዘህ ና።»

ይህን እናቷም አላረመችም።